የትምህርት ቤት ግቢ ለመንገድ ሲሰጥ አስረካቢው ማን ነው? ተረካቢውስ?

መነሻ ጽሑፍ

ስለ አርሶ አደር ማሳና ስለ ግለሰብ ቤት ካሣ በየመድረኩ ብዙ ተጽፏል፤ ገናም መጻፍ አለበት። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን አስቀድሞ በመንግሥት ተቋም እጅ ስላለና መንገድ ሲሠራ ወይም ሲሰፋ በወሰን ክልሉ ውስጥ ስለሚወድቅ መሬት ነው፤ የትምህርት ቤት ግቢ፣ የጤና ጣቢያ አጥር፣ የቀበሌ ቤቶች፣ የግብርና ጽሕፈት ቤት ችግኝ ጣቢያና የመሳሰለው ማለቴ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት የመሬት ባለቤትነት መብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው መሬት ለመንገድ ሲውል ባለቤቱ ያው ነው። የያዘው እጅ ግን ይለወጣል፤ ትናንት ልጆች ሲሯሯጡበት የነበረው መሬት ዛሬ የመንገድ ትከሻ ወይም የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይሆናል። ይህ ርክክብ እንዴት እንደሚፈጸም፣ ማን ለማን እንደሚያስረክብ፣ በግቢው ላይ የነበረው ንብረት በምን እንደሚተካ የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳን እጠይቃለሁ።

ለጥያቄው መነሻ የሆነኝ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባልነት የማገለግልበት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በከተማችን መሐል የሚያልፈው የጠጠር መንገድ ወደ አስፋልት እንዲያድግ ሲወሰን ቀያሾች መጥተው ከመንገዱ መሐል መስመር እየለኩ በግቢያችን ውስጥ ችካል ተከሉ፤ የሴት ተማሪዎችን መጸዳጃ ቤት ግድግዳም በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት። በችካሉና በመንገዱ መካከል የቀሩት መጸዳጃ ቤቱ፣ የውኃ ታንከሩ የተቀመጠበት የብረት ማማና ተማሪዎች የተከሏቸው የግራቪሊያ ዛፎች ናቸው። ርእሰ መምህሩ ደብዳቤ እንዲሰጣቸው ሲጠይቁ ያገኙት የቃል መልስ መሬቱም የመንግሥት፣ መንገዱም የመንግሥት ስለሆነ መረካከብ አያስፈልግም የሚል ነበር። ደብዳቤው የደረሰው ኤክስካቫተሩ አጥሩን ከጣሰ በኋላ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ፈርሷል፤ ምትክ አልተሠራም። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሴት ልጆች በዕረፍት ሰዓት ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ ከፊሎቹም ያን ቀን ተመልሰው ክፍል አይገቡም። የፈረሰውን ንብረት የሚዘረዝር አንድም የተፈረመበት ወረቀት በትምህርት ቤቱ ማኅደር ውስጥ የለም።

የመንገዱን ጥቅም የሚጠራጠር ወላጅ በመካከላችን የለም። ሆኖም ከአንድ የመንግሥት እጅ ወደ ሌላው የሚተላለፍ መሬት ከግለሰብ ከሚወሰድ መሬት ባላነሰ ጥንቃቄ፣ በጽሑፍ፣ በታወቀ ቀን፣ የሚፈርሰውም ከመፍረሱ በፊት ምትኩ ተሠርቶ ሊተላለፍ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ በመንግሥት ይዞታ ላይ የሚማር፣ የሚታከምና የሚኖር ሰው አለና።

ክሩ፣ ማለትም ይህን ጽሑፍ በኢንተርኔት ከለጠፍኩ በኋላ የተከተለው ውይይት፣ ስለረዘመና ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ኢንተርኔት ስለማይጠቀሙ፣ የተሰጡትን መልሶች አትሜ ለማደል በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬአቸዋለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያውን መልስ የሰጡት የአገሪቱ የመንገድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ገና አውራ ጎዳና ይባል በነበረበት ዘመን ተቀጥረው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። ባለሥልጣኑ በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የተሠሩት ዋና ዋና መንገዶች አብዛኞቹ በባዶ ሜዳ ያለፉ እንደነበሩ፣ ከተሞቹም፣ ትምህርት ቤቶቹም፣ ክሊኒኮቹም ወደ መንገዱ የተጠጉት ከዚያ ወዲህ እንደሆነ አስታውሰዋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መጣራት ያለበት ማን ቀድሞ ነበር የሚለው ነው ይላሉ። ትምህርት ቤቱ ድሮውኑ በመንገድ ወሰን ውስጥ ተሠርቶ ከሆነ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ መንገዱ ሰፍቶ ወደ ግቢው የገባ ከሆነ ደግሞ ሌላ። አነጋገራቸው የአባት ምክር ነበር፤ የግቢውን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ፈልጉ ብለውናል።

መልስ 2። በአንድ የሥራ ተቋራጭ ሥር በሳይት መሐንዲስነት የሚሠሩ ወጣት የቀጠሉት ካርታውን ይዘው ነው። እሳቸው ባለፉባቸው ፕሮጀክቶች የግለሰቦቹ ይዞታ በካርታ ወይም በአረንጓዴ ደብተር ሲረጋገጥ፣ የመንግሥት ተቋማቱ ግቢ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሰነድ ያልነበረው ሆኖ እንዳገኙት ጽፈዋል። ካርታ ይውጣልን ብሎ የሚያመለክት ሰው በተቋሙ ውስጥ አልነበረም፤ ርእሰ መምህር ይሾማል፣ ይዛወራል፣ ግቢው ግን እንደ ድሮው በአጥሩ ብቻ እየታወቀ ይኖራል። ቀጥሎም በብዙ የመንገድ ውሎች የሚሠራበትን ፊዲክ የተባለ ዓለም አቀፍ መደበኛ የግንባታ ውል ሁኔታ ጠቅሰዋል። አሠሪው ሳይቱን በጊዜው ካላስረከበ ተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያ ብቻ ሳይሆን የወጪ ጥያቄ፣ እነሱ በተለምዶ ክሌም የሚሉትን፣ የማቅረብ መብት አለው። የግለሰብ ቤት የግምት ኮሚቴም ቀነ ገደብም ስላለው ቢዘገይም መጨረሻው ይታወቃል፤ በተቋም ግቢ ጊዜ ግን ርእሰ መምህሩ ወደ ወረዳ፣ ወረዳው ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ቢሮ ሲመሩ ማሽኑ ቆሞ ይውላል ይላሉ። ማንም ሳይፈርም አጥሩ የሚጣሰው በአብዛኛው እንዲህ ያለው መጠበቅ ሲረዝም ነው በማለት የእኛንም ትምህርት ቤት የደረሰበት ይኸው ሳይሆን እንዳልቀረ ገምተዋል።

መልስ 3። የሕግ ባለሙያ መሆናቸውን የገለጹ ሴት ነገሩን ወደ አዋጁ መልሰውታል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይዞታ ስለሚለቀቅበት ሁኔታ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ባለይዞታን ሲተረጉም ግለሰብን ብቻ እንዳላለ፣ የሕግ ሰውነት ያለውን መንግሥታዊ ድርጅትም በግልጽ እንዳካተተ አስረድተዋል። ስለዚህ መሬቱም መንገዱም የመንግሥት ነው የሚለው የቃል መልስ በሕግ የሚቆም አይደለም ባይ ናቸው። ካሣው የሚከፈለው በመሬቱ ላይ ለሠፈረው ንብረትና ለተደረገው ቋሚ ማሻሻያ እንጂ ለመሬቱ ስላልሆነ፣ መጸዳጃ ቤቱና የታንከሩ ማማ መገመት ነበረባቸው። 455ን የተካው የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ባለይዞታዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከሩ እንደሚያዝዝ፣ አስቸኳይ ለሆነ ፕሮጀክት ግን ይህ ጊዜ ሊያጥር እንደሚችል ጨምረዋል።

መልስ 4። አጭርና ጠንከር ያለ ነበር። ትምህርት ቤት የሕግ ሰውነት የለውም፣ በራሱ ስም አይከስም፣ አይከሰስም፤ ስለዚህ በመልስ 3 የተጠቀሰው ትርጓሜ አይመለከተውም የሚል ነው።

መልስ 5። የሕግ ባለሙያዋ በትሕትና ግን ሳያወላውሉ መልሰዋል። ትምህርት ቤቱ ራሱ ባይችል የሚያስተዳድረው የወረዳ መሥሪያ ቤት ይችላል። ማን ይፈርም የሚለውና ለፈረሰው ንብረት የሚጠየቅ አለ ወይ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን፣ የፊተኛው አለመለየቱ የኋለኛውን መብት እንደማያጠፋው አብራርተዋል። ለእኔ ከዚህ ክር ትልቁን ጥቅም የሰጠኝ ይህ መልስ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ደብዳቤያችንን ሁሉ ስንጽፍ የነበረው በትምህርት ቤቱ ስም ብቻ ነበርና።

መልስ 6። እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። የአርሶ አደር ልጅ ነኝ ያሉ አስተያየት ሰጪ ይህን ያህል ሰው ለመንግሥት አጥር መቆርቆሩ እንዳናደዳቸው ጽፈዋል። የአባታቸው ማሳ ለመንገድ የተወሰደው በአዋጅ 455 ዘመን ሲሆን፣ የተከፈላቸው የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢያቸው በአሥር ተባዝቶ ነው። አዋጅ 1161 ስሌቱን ከሦስት ዓመቱ ከፍተኛውን የዓመት ገቢ ወስዶ በአሥራ አምስት ማባዛት ሲያደርገው ለአባታቸው አልደረሰላቸውም። ተቋም በጀት አለው፣ የዘንድሮው ቢያልቅ የከርሞው ይመጣል፤ ገበሬ ግን መሬቱን ካጣ የሚመድብለት የለም ይላሉ። ከዚህ አልፈው መንገድ በተቻለ መጠን ሁሉ በመንግሥት ግቢ ውስጥ እንዲያልፍና የሰው ማሳ እንዳይነካ፣ ይህን የሚቃወም ሰው ደግሞ ልማት አደናቃፊ ተብሎ እንዲታይ ጠይቀዋል። የመጨረሻው ቃል ከበድ ያለ ነበር። ስለ ማሳው ያሉት ግን ከልብ የመጣ ቁስል መሆኑን ማንም አንባቢ አይስተውም።

መልስ 7። በጤና ጣቢያ የሚሠሩ አዋላጅ ነርስ መልስ 6ን በቀጥታ፣ ቁጣቸውንም ሳይደብቁ ተናግረዋል። በእሳቸው ጤና ጣቢያ ለመንገድ የፈረሰው የእናቶች ማቆያው ነው፤ እዚያ ተኝተው ምጣቸውን ይጠብቁ የነበሩትም የገበሬ ሚስቶችና ሴት ልጆች ናቸው። አዲሱ መንገድ ከቀድሞው ከፍ ብሎ ስለተሠራ የጤና ጣቢያው በር ከመንገዱ በታች ቀርቷል። በመካከሉ የተቆፈረው ቦይ መሸጋገሪያ ሳይደረግለት ክረምት ስለገባ አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ ይቆምና ወላዲቱ በቃሬዛ ቦዩን ተሻግራ ትገባለች። ቃሬዛውን ከፊት የያዘው ሰው ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ወርዶ፣ ከኋላ ያለው ከፍ አድርጎ ይዞ እንደሚያሻግሯት ጽፈዋል። ይህን ያነበበ ሰው ተቋም በጀት አለው ብሎ እንዳይደግመው አሳስበዋል።

መልስ 8። መልስ 6ን የጻፉት ሰው ተመልሰው ልማት አደናቃፊ ያሉትን ቃል አንሥተዋል፤ ስለ ገበሬው ያሉትን ግን ጸንተውበታል። እኔም በበኩሌ የትምህርት ቤታችን ልጆች አብዛኞቹ ማሳቸው በዚሁ መንገድ የተቆረሰባቸው ቤተሰቦች ልጆች እንደሆኑ፣ ሁለቱን ጉዳት አንዱን ለሌላው ማስረሻ እንዳናደርገው ለምኛለሁ።

መልስ 9። ከአዲስ አበባ የጻፉ እናት የቀበሌ ቤትን ጉዳይ አንሥተዋል። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ንብረት የሆነው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ እንደሆነ፣ በውስጡ የሚኖረው ሰው ለሃምሳ ዓመት ኪራይ ቢከፍልም ተከራይ እንጂ ባለንብረት እንዳልሆነ አስታውሰዋል። መንገድ ሲመጣ ለተከራዩ ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም ዕድል ይሰጠዋል፤ ይህን አይክዱም። በደጃፋቸው እንጀራ እየሸጡ ያሳደጓቸው ልጆች፣ ዕድሩና የጎረቤት ጠበል ጻዲቅ ግን በየትኛውም ግምት ውስጥ አልገቡም። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ግምት የሚባል ነገር ለእሳቸው በር ላይ አልደረሰም። ከመነሻው ጥያቄ ትንሽ ወጣ ያለ ቢመስልም በእኔ አመለካከት እምብርቱ ላይ ያረፈ መልስ ነው።

መልስ 10 እና 11። አንድ አስተያየት ሰጪ ወደ ክፍያ መንገድ ወስደውን ነበር። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ የቻይና ኩባንያ ንብረት ስለሆነ ለእሱ የተሰጠው መሬት ለሕዝብ ጥቅም ዋለ ሊባል አይችልም ብለው ተከራክረዋል። ቀጣዩ ሰው ይህን አርመዋል። መንገዱን የገነባው የቻይና ተቋራጭ፣ ያበደረውም የቻይና ኤግዚም ባንክ ቢሆንም መንገዱ የመንግሥት ነው፤ የሚያስተዳድረውም የኢትዮጵያ የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ ነው። የሚከፈልበት መሆኑ የሕዝብ መንገድነቱን አያስቀረውም በማለት ክሩን ወደ ርእሱ መልሰውታል።

መልስ 12። በዱር እንስሳት ጥበቃ ሙያ ያሉ ሰው የመንግሥት መሬት ማለት ሰው የማይጠቀምበት መሬት ማለት አለመሆኑን ለማሳየት አዋሽ ብሔራዊ ፓርክን ጠቅሰዋል። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና ፓርኩን አቋርጦ ያልፋል፤ በተሽከርካሪ የሚገጩ እንስሳት የፓርኩ የዘወትር ችግር ናቸው። በአካባቢው ደግሞ ከረዩዎችና አፋሮች ከብቶቻቸውን ያሰማራሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ለአርብቶ አደሮች ለግጦሽ መሬት የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት ቢሰጥም፣ የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የወል ይዞታን መንግሥት እንደ ባለቤትነቱ እንዳስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊለውጠው እንደሚችል ደንግጎ ነበር። የአጥር ምልክት የሌለው ግጦሽ መንገድ ቀያሹ ዘንድ የሚታየው እንደ ባዶ መሬት ነው ሲሉ በመልስ 6 የቀረበውን መንግሥት ያለበትን መሬት ብቻ ውሰዱ የሚል ሐሳብ ተቃውመዋል።

መልስ 13። የሕግ ባለሙያዋ ለሦስተኛ ጊዜ ገብተው፣ አዋጅ 1161 ለወል ይዞታም ካሣ እንዲከፈል መደንገጉ በመልስ 12 መዘለል እንዳልነበረበት አመልክተዋል።

መልስ 14። በዴንቨር አካባቢ የሚኖሩና በመንገድ ሥራ የተሰማሩ ወንድማችን ጠቃሚ ንጽጽር አቅርበዋል። በአሜሪካ ምዕራብ እጅግ ሰፊ መሬት በፌዴራል መንግሥት እጅ ያለ፣ በደን አገልግሎትና በሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚተዳደር ነው፤ መንገዱን የሚሠራው ደግሞ የክፍለ ግዛቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ እኛ የምንጠይቀው ጥያቄ እነሱም ዘንድ የዕለት ጉዳይ ሆኖ በሕግ ተወስኗል። በፌዴራል ሕጋቸው ርእስ 23 ክፍል 317 መሠረት መንገዱ የሚፈልገውን መሬት የሚያሳይ ካርታ መሬቱን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ይቀርባል። ያ መሥሪያ ቤት በአራት ወር ውስጥ ዝውውሩ የሕዝብን ጥቅም ይጎዳል ወይም መሬቱ ከተከለለበት ዓላማ ጋር ይጋጫል ብሎ በጽሑፍ ካላረጋገጠ፣ ወይም የሚያስፈልጉትን ሁኔታዎች አስቀምጦ ከተስማማ፣ መሬቱ ለመንገዱ ይተላለፋል። ዝም ብሎ ማዘግየት እንደ እንቢታ አይቆጠርም። መሬቱ ለመንገድ አላስፈላጊ በሆነ ጊዜም ቀድሞ ወደነበረበት መሥሪያ ቤት ወዲያውኑ ይመለሳል። እኚህ ሰው የአሜሪካን አሠራር እንዳለ እንድንቀዳ አልመከሩም። የአራት ወሩ ገደብ ግን በመልስ 2 የተነሣውን የደብዳቤ መመላለስ፣ ሁኔታ ማስቀመጥ የሚለው ደግሞ የእኛን መጸዳጃ ቤትና የአዋላጇን የቦይ መሸጋገሪያ በቀጥታ እንደሚመለከት አሳይተዋል።

መልስ 15። በመብራት ኃይል የሚሠሩ ሰው ቀነ ገደብ ብቻውን መድኃኒት እንዳልሆነ አስጠንቅቀዋል። ከአዋጅ 455 ጀምሮ ለኤሌክትሪክ፣ ለቴሌና ለውኃ መስመሮች እንዲህ ያለ ሥርዓት በሕጋችን ተጽፏል። መንገድ ሠሪው በጽሑፍ ይጠይቃል፤ የመስመሩ ባለቤት በ30 ቀን ግምቱን ይልካል፤ ጠያቂው በ30 ቀን ይከፍላል፤ ባለቤቱ ክፍያው በደረሰው በ60 ቀን ውስጥ መስመሩን ያነሣል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ አስፋልቱ ሲነጠፍ ምሰሶው መሐል መንገድ ላይ ቆሞ የሚታይባቸው ቦታዎች አሉ። እሳቸው እንደሚሉት ግምቱ ቢላክም ክፍያው ይዘገያል፣ ክፍያው ሲደርስ የዕቃው ዋጋ ጨምሮ ይጠብቃል።

መልስ 16። ሳይት መሐንዲሱ ለዚህ የሰጡት መልስ ስለታም ነበር። ክፍያው ከደረሰ በኋላም ወራት ያለፉበት ምሰሶ እንዳዩ፣ ጥፋቱን ሁሉ በከፋዩ ላይ መጣል ተገቢ እንዳልሆነ ጽፈዋል። ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ያን ሁሉ እዚህ አልደግመውም።

መልስ 17። የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ባልደረባ ማንም ያላሰበውን ነጥብ አመጡ። ለትምህርት ቤቱ ንብረት ካሣ ተገምቶ ቢከፈል እንኳ ገንዘቡ የመንግሥት ገቢ ሆኖ ወደ ግምጃ ቤት ስለሚገባ፣ በበጀት ተፈቅዶ ካልወጣ በቀር ለመጸዳጃ ቤቱ መሥሪያ ሊውል አይችልም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ደግሞ ጥያቄው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስለዚህ ገንዘብ ከመጠየቅ ይልቅ ምትኩ በዓይነት እንዲሠራ መጠየቅ እንደሚሻል መክረዋል።

መልስ 18። ሳይት መሐንዲሱ ቁጣቸው በርዶ ተመልሰው ይህን ምክር በተግባር ተርጉመውታል። በመንገድ ውል የሥራ ዝርዝር ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያዝ መጠባበቂያ ገንዘብ ብዙ ጊዜ አለ፤ አማካሪ መሐንዲሱ ካዘዘ ተቋራጩ ድንጋዩም፣ ሲሚንቶውም፣ ማሽኑም እዚያው ስላለው አንድ መጸዳጃ ቤት መሥራት አያስቸግረውም። ወሳኙ ጊዜው ነው። ጥያቄው የወሰን ማስከበር ዝርዝሩ ሲዘጋጅ ከቀረበ ይታሰብበታል፤ ተቋራጩ ሳይቱን ለቅቆ ከሄደ ግን በምትኩ አዲስ ጨረታ ማውጣት ይጠይቃል። የእኛ ተቋራጭ ገና ከከተማው አለመውጣቱን ስነግራቸው በዚህ ወር ውስጥ እንድንጽፍ አጥብቀው መክረዋል።

መልስ 19። አንድ ሰው የምንደክመው በከንቱ እንደሆነ፣ ቃል የተገባ ነገር ሲመለስ አይተው እንደማያውቁ ጽፈዋል።

መልስ 20። ለዚህ የተሰጠው መልስ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት የሚያስታውስ ነበር። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግንባታ ሲነሣ ብዙ ሰው አይመለስም ብሎ አዝኖ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ወደ አደባባዩ ተመልሶ ቆሟል። ጸሐፊው እንዳሉት የሐውልቱን መመለስ አገር ሁሉ ይጠባበቀው ነበር፤ የአንድ ወረዳ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤትን ግን የሚጠባበቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ ወረቀቱ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

መልስ 21። የሕግ ባለሙያዋ በ2016 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀረበውን የአዋጅ 1161 ማሻሻያ አንሥተዋል። ማሻሻያው የካሣ ክፍያን ኃላፊነት ከፌዴራል ፕሮጀክት ባለቤቱ ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች የሚያዞር ነው። መንገዱ የፌዴራል፣ ትምህርት ቤቱ የክልል በሆነበት ቦታ ይህ ማለት ክልሉ ለራሱ ትምህርት ቤት ከራሱ ኪስ ካሣ ይክፈል ማለት ይሆናል፤ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ለማዛወር የሚቸኩል ባለሥልጣን ደግሞ አይገኝም። የፌዴራሉ ገንዘብ እስከ ግቢያችን ሊደርስ የሚችልበት መንገድ ስለዚህ በመልስ 18 የተመለከተው፣ ምትኩን በግንባታ ውሉ ውስጥ ማስገባት መሆኑን አስረድተዋል። ይህን ካነበብኩ በኋላ በካሣ ጥያቄ ላይ ያተኮረውን ረቂቅ ደብዳቤያችንን ለኅብረቱ አቅርቤ በዓይነት ምትክ ጥያቄ እንዲለወጥ አስወስኛለሁ።

መልስ 22። እስካሁን የመጨረሻው መልስ በመልስ 1 የመከሩን አዛውንት የጻፉት ነው። ካርታ ከሌለን ግቢውን አሁኑኑ በወረዳው መሬት አስተዳደር ባለሙያ እንድናስለካ፣ የተወሰደውን ስፋት፣ የፈረሰውን የመጸዳጃ ክፍል ብዛት፣ የማማውን ቁመትና የታንከሩን መጠን በቃለ ጉባኤ እንድናሰፍር፣ ቃለ ጉባኤውንም የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ የአማካሪ መሐንዲሱ ተወካይና ርእሰ መምህሩ እንዲፈርሙበት መክረዋል። ቦታው በመንገዱ በስንተኛው ኪሎ ሜትርና በየትኛው ጎን እንደሆነ ካልተጻፈ መሐንዲሶቹ ደብዳቤውን ከሳይታቸው ጋር ሊያገናኙት እንደማይችሉም አስገንዝበውናል።

ልኬቱን ለማድረግ ከወረዳው ባለሙያ ጋር ቀን ይዘናል። በመንግሥት ተቋማት መካከል ለመንገድ የተደረገ ርክክብን ቃለ ጉባኤ አዘጋጅቶ የሚያውቅ አንባቢ ካለ፣ ስሞችንና ማኅተሞችን ሸፍኖ ናሙናውን እዚሁ ክር ላይ ቢያስቀምጥልን ለእኛም፣ በመልስ 7 ለጻፉልን አዋላጅ ነርስም ይጠቅመናል።